የእትዬ የውብዳር ምትክ ካርታ

ማመልከቻዎቹን የጻፍኩላቸው እኔ ነኝ። ዘጠኝ ናቸው። ከዘጠኙ አንዱ እትዬ የውብዳርን ቤታቸውን ሊያሳጣቸው ምንም አልቀረውም ነበር። ስለዚህ ይህን ሳወራ የምናደደው በሌላው ሰው ብቻ አይደለም፤ በራሴም ነው።

እትዬ የውብዳር ጳውሎስ ሲያትል ውስጥ፣ ሬኒየር ጎዳና አጠገብ እኔ በምኖርበት አፓርትማ ከእኔ በላይ ባለው ፎቅ ነው የሚኖሩት። ያን ጊዜ ሥራቸው መሀል ከተማ ከአንድ ትልቅ ሕንጻ ሥር ባለ ፓርኪንግ ነበር። ምድር ቤት ወርደው፣ በመስታወት ሣጥን ውስጥ ተቀምጠው ቲኬት እየተቀበሉ መኪና ያስወጣሉ። አዲስ አበባ ሳሉ ግን በአንድ መሥሪያ ቤት አሥራ ዘጠኝ ዓመት ታይፒስት ነበሩ። ይህን ደጋግመው ያነሱታል። ለኩራት አይደለም፤ ለማስጠንቀቂያ ነው።

«እኔን ደብዳቤ አያስፈራራኝም» ይላሉ። «ስንቱን በገዛ ጣቴ መትቼዋለሁ።»

ቦታውን ያገኙት እዚያው መሥሪያ ቤት ሳሉ ነው። እሳቸውና ባለቤታቸው አቶ ወልደ ሥላሴ ከሥራ ባልደረቦቻቸው ጋር በቤት ሠሪዎች ማኅበር ተደራጅተው ከከተማው ዳር መቶ ሰባ አምስት ካሬ ሜትር ደረሳቸው። ካርታው በሁለቱም ስም ወጣ። ቅዳሜና እሁድ ብሎኬት ሲያጠጡ፣ አሸዋ ሲነፉ ሁለት ክፍልና አንድ ሰርቪስ አቆሙ። አቶ ወልደ ሥላሴ ቆርቆሮው በተመታ በዓመቱ አረፉ። በ2001፣ በፈረንጆቹ መሆኑ ነው፣ እትዬ የውብዳር ዲቪ ደርሷቸው ሲመጡ ግቢው ባዶ እንዳይሆን ቁልፉን ለባላቸው የወንድም ልጅ ለኢሳይያስ ሰጡት። ኪራይ አላሉትም። «ግቢዬን ጠብቅልኝ» ብቻ ነው ያሉት።

የአሜሪካ ዜግነት የወሰዱት በ2007 ነው። ልጃቸው እስከዳር ከሃያ አንድ ዓመት በላይ ስለነበረች በእናቷ ዲቪ መምጣት አልቻለችም። ዜጋ ከሆኑ ወረፋው ያጥራል ተባሉና ማሉ። ልጅቱ በ2009 መጣች። እትዬ የውብዳር ስለዚያ መሐላ ሲናገሩ ድምፃቸው ላይ ደስታም ጸጸትም ሰምቼ አላውቅም። ልጅን ለማምጣት የሚሞላ ፎርም ነበር፤ ሞሉት፤ ልጃቸው መጣች። በቃ።

ነገሩ የተጀመረው በ2011 ጸደይ ላይ ነው። ኢሳይያስ ደውሎ፣ «የድሮው ካርታ በአዲስ እየተቀየረ ነውና ዋናውን ላኩልኝ» አላቸው። እትዬ የውብዳር ካርታውን ከሻንጣቸው አውጥተው ቦርሳ ውስጥ ከተቱት። በዚያው ቀን ካፒቶል ሂል በሚባለው ሰፈር የጥርስ ሐኪም ቀጠሮ ነበራቸው፤ ከዚያ እኔ ዘንድ መጥተው ኮፒ አድርገን ልንልከው ተነጋግረናል። መኪናቸውን መንገድ ዳር ፓርክ አድርገው፣ ቦርሳውን ከወንበሩ ሥር ገፍተው ገቡ። ሲወጡ መስታወቱ ወንበሩ ላይ ረግፏል፤ ቦርሳው የለም።

ሲደውሉልኝ የሐኪሙ ማደንዘዣ አፋቸውን ይዞት ስለነበር የሚሉት አልገባኝም። እዚያ ስደርስ የእግረኛ መንገዱ ላይ ቆመው ነበር።

«ሌባው በእኔ ካርታ ምን ሊያደርግ ነው?» አሉኝ። «ቤት ሊሠራበት ነው? ፊሊጶስ፣ እስቲ ንገረኝ፣ ምን ሊያደርግ ነው?»

በዚያ ሰፈር ያለውን የቆሻሻ ገንዳ ሁሉ ለሁለት ቀን ከፍተን አየን። ያገኘነው የመነጽራቸውን ማኅደር ብቻ ነው። ፖሊስ ጋ ስደውል «ኦንላይን ሪፖርት አድርጉ» አሉኝ። ሞላሁት። ከአንድ ደቂቃ በኋላ በኢሜይል ቁጥር መጣ። ሥነ ሥርዓቱ ያ ብቻ ነበር።

ምትክ ካርታ ለማውጣት የሚያስፈልገውን ኢሳይያስ ጠይቆ ነገረን፤ የፖሊስ ማስረጃ፣ ለሚከታተለው ሰው ውክልና፣ ከዚያ የጋዜጣ ማስታወቂያ። ውክልናውን ለማን ይስጡ? ቤቱ ውስጥ ላለው ለኢሳይያስ ነዋ! ወረቀቱ መጀመሪያ እዚህ ሰነድ አረጋጋጭ ኖታሪ ፊት ተፈረመ፣ ከዚያ ወደ ግዛቲቱ መዲና ወደ ኦሎምፒያ፣ ከኦሎምፒያ ወደ ዋሽንግተን ዲሲ፣ ከዚያ ወደ ኤምባሲ ሄደ። ሲመለስ ጀርባው በማኅተም ተሸፍኖ ነበር። እትዬ የውብዳር በጣታቸው ዳሰሱትና፣ «እንዲህ ነው ወረቀት ማለት» አሉ።

የፖሊሱ ወረቀት ግን ማኅተም አልነበረውም። ወር ሳይሞላ ኢሳይያስ ደወለ። የክፍለ ከተማው ሰዎች አይተውት «ይህ ከኢንተርኔት የወጣ ወረቀት ነው፤ ማኅተም ያለው አምጣ» ብለውታል።

ፖሊስ ጣቢያ አብሬያቸው ሄድኩ። መስኮቱ ላይ የነበረው ፖሊስ ደግ ነበር፤ ይህን መካድ አልችልም። ማኅተም የምንለውን ነገር ሳስረዳው ግን ወደ ኋላው ዞሮ ባልደረባውን ጠየቃት፤ እሷም ትከሻዋን ነቀነቀች።

«ማኅተም የለንም» አለኝ በእንግሊዝኛ። «ቁጥሩ እኮ በቂ ነው።»

እትዬ የውብዳር ከኔ ቀድመው ገባቸው። «ፖሊስ ሆኖ ማኅተም የለውም?» አሉኝ በአማርኛ። «ታዲያ ወንጀለኛውን በምን ያስሩታል?»

ሰውየው እንዲተረጎምለት እኔን አየኝ። አልተረጎምኩም።

ብዙ ከተጠየቀ በኋላ የመዛግብት ክፍላቸው የተረጋገጠ ግልባጭ እንደሚሰጥ ታወቀ። ስድስት ሳምንት ጠብቀን መጣ። ማኅተም አለው፤ ግን ቀለም የሌለው፣ ወረቀቱን አጎድጉዶ የታተመ ነው። በእጅ ሲዳስሱት ይታወቃል፤ በዓይን ሲያዩት ነጭ ወረቀት ነው። ላክነው። ኢሳይያስ ደወለ፤ «ማኅተሙ አይታይም» ተብሏል። ሌላ ግልባጭ አስወጣን። እትዬ የውብዳር ይህን ሁለተኛውን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው፣ እርሳስ ጋደም አድርገው በማኅተሙ ላይ ቀስ እያሉ አሹት። ክቡ ከነጽሑፉ ብቅ አለ። እኔም እሳቸውም እንደ ልጅ ደስ አለን። ላክነው። መልሱን በአምስተኛው ሳምንት ኢሳይያስ ከደብዳቤ ላይ በስልክ አነበበልን፤ «ሰነዱ የመፋቅ ምልክት ይታይበታል።»

ያን ቀን እትዬ የውብዳር ሲያለቅሱ አየኋቸው። ቁጭት ነው እንጂ ኀዘን አልነበረም፤ በመዳፋቸው ጠረጴዛውን እየመቱ ነበር የሚያለቅሱት። በአንዱ አገር ማኅተም የሚባል ነገር አያውቁም፤ በሌላው አገር ከማኅተም በቀር የሚያምኑት የለም። በመሀል አንዲት ሴት ቆማ በእርሳስ ወረቀት ታሻለች። በክፍለ ከተማው ፋይል ውስጥ የካርታው ቀሪ እንዳለ ደግሞ ሁሉም ያውቃል። መሳቢያ ከፍቶ ማየት የአሥር ደቂቃ ሥራ ነበር።

አራተኛውን ማመልከቻ የጻፍኩት ያን ሰሞን ነው። ለምን በአካል እንደማይቀርቡ ለማስረዳት ብዬ፣ «እኔ አመልካች የአሜሪካ ዜግነት ያለኝና ነዋሪነቴም በዚያው በመሆኑ» የሚል ሐረግ አስገባሁ። እትዬ የውብዳር እንደ ልማዳቸው መስመር በመስመር አነበቡት። እዚያ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ።

«ዜግነትሽ ምንድን ነው ያለኝ አለ?»

«ግልጽ መሆን ይሻላል፣ እትዬ» አልኩ። «በኋላ ደበቁ እንዳይሉዎት።»

«ያልተጠየቁትን መመለስ ግልጽነት ነው?»

«ኦኬ፣ ካልፈለጉ ላወጣው እችላለሁ» አልኩ፤ ግን ድምፄ ላይ ቅሬታ ነበረበት መሰለኝ፤ ተዉትና ፈረሙ። ማረጋገጫ እንዲሆን የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያቸውን፣ ያን ቢጫውን ካርድ፣ ኮፒ አድርገን አያያዝንበት።

ከዚያ ዝም ተባለ። ኢሳይያስ መጀመሪያ «ነገ ተብያለሁ» ይል ነበር፤ ቀጥሎ «ኃላፊው ስብሰባ ነው» አለ፤ በኋላ ስልኩን ማንሳት ተወ። ስምንት ወር። እትዬ የውብዳር «ታሞ ይሆናል» እያሉ ይጸልዩለት ነበር። ይህንን ሳስታውስ እስከ አሁን ደሜ ይፈላል።

እኔ ሬድመንድ አንድ ድርጅት ውስጥ ነው የምሠራው። በ2013 የካቲት ላይ ምሳ እየበላሁ ከአዲስ አበባ የሚወጣ ጋዜጣ ኢንተርኔት ላይ አነብባለሁ። ከማስታወቂያዎቹ መሀል የቤት ቁጥሩን አየሁት። በየማመልከቻው ደጋግሜ ጽፌዋለሁ፤ በቃሌ ነው የማውቀው። ማስታወቂያው አቶ ኢሳይያስ የተባሉ ግለሰብ የአጎታቸው ወራሽ በመሆናቸው ለጠፋው ካርታ ምትክ በስማቸው እንዲሰጣቸው መጠየቃቸውን ይናገራል። የሚቃወም ካለ በሠላሳ ቀን ውስጥ ይቅረብ፣ ካልሆነ ምትኩ ይሰጣል ይላል። ከሠላሳው አሥራ ሁለቱ አልፏል።

ሹካዬን አስቀምጬ ወጣሁ። ፓርኪንጉ ውስጥ ወደ መስታወት ሣጥናቸው ስጠጋ እትዬ የውብዳር የሰው ቲኬት እየተቀበሉ ነበር። ስልኬን በመስኮቱ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አውርደው አነበቡ፣ እንደገና አነበቡ። ከኋላ የተሰለፉ መኪኖች ጥሩምባ ጀመሩ።

«እኔ ሞቻለሁ እንዴ?» አሉ።

አለቃቸው የአምስት ሳምንት ፈቃድ ቢሰጣቸውም ሥራው እንደሚጠብቃቸው ቃል አልገባላቸውም። በአራተኛው ቀን ተሳፈሩ።

ከዚህ በኋላ ያለውን በስልክ እየነገሩኝ፣ ከተመለሱም በኋላ ሲተርኩልኝ ነው የማውቀው። ከአውሮፕላን ወርደው በማግስቱ ወደ ቤታቸው ሄዱ። የግቢውን በር የከፈተው ኢሳይያስ ራሱ ነው። አልደነገጠም። እንዲገቡም አልጋበዛቸውም።

«እትዬ፣ አይቀየሙኝ» አላቸው። «እርስዎ አሜሪካ አለዎት። እኔ ሚስትና ሁለት ልጅ ይዤ ከዚህ ወዴት ልሂድ?»

«ይህን ስልክ ደውለህ ብትጠይቀኝ ኖሮ ግማሹን ቦታ እሰጥህ ነበር» አሉት። «ካርታዬን ሊያወጣልኝ ነው ብዬ በጸሎቴ አነሣሁህ እኮ!»

«ሕጉ የውጭ ዜጋ ቦታ አይይዝም ይላል። እኔ አይደለሁም ያልኩት። እርስዎ ራስዎ ዜግነቴ አሜሪካዊ ነው ብለው ጽፈው ልከውልኛል።»

ልክ ነው። ጽፈው ልከውለታል። የጻፍኩት እኔ ነኝ።

በክፍለ ከተማው ጽሕፈት ቤት የተቃውሞ መስኮት ላይ ሀይለየሱስ የሚባል ባለሙያ ነበር። የእትዬ የውብዳርን ፓስፖርት አገላብጦ መለሰላቸው።

«እናቴ፣ እርስዎ የውጭ ዜጋ ነዎት። መቃወም አይችሉም።»

ቢጫ ካርዱን አስቀመጡለት። «ቦታውን ያገኘሁት ኢትዮጵያዊ ሳለሁ ነው። ትውልደ ኢትዮጵያዊ መሆኔ ደግሞ ይኸው። ለእንደኔ ዓይነቱ ቤት እንዲይዝ የተፈቀደበትን ሕግ ታውቀዋለህ፤ ካላወቅህ እኔ ይዤልህ መጥቻለሁ።» አትሜ የሰጠኋቸውን አዋጅ አወጡ።

ወረቀቱን አልተቀበላቸውም። «ይሁን፤ የይዞታ ማስረጃዎስ?»

«ፋይሌ ውስጥ አለ።»

«ፋይሉ አልተገኘም።»

«ፋይሉ ካልተገኘ ለኢሳይያስ ማስታወቂያ ያወጣችሁት ምን አይታችሁ ነው?»

ሰውየው ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ከኋላቸው ወዳለው ሰው ተመለከተ። «ነገ ይመለሱ» አላቸው።

ተመለሱ። በማግስቱም፣ በሚቀጥለውም። ለዘጠኝ የሥራ ቀን ሁለት ሰዓት ሲሆን በሩ ላይ ይገኛሉ፤ ተመሳሳይ አግዳሚ ላይ ይቀመጣሉ፤ አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ይወጣሉ። እንደ ለማኝ የሚያያቸው ነበር። አንድ ጥበቃ «ማዘር፣ ዳያስፖራ ሆነው እንዲህ ይቸገራሉ?» ብሎ ስቆባቸዋል። ስልክ ላይ ይህን ሲነግሩኝ ጥርሳቸው ሲፋጭ ይሰማኝ ነበር።

በአሥረኛው ቀን አግዳሚውን ትተው ወደ መዝገብ ቤት ወረዱ። እዚያ ሥራዬ የምትባል ሠራተኛ አገኙ። ፋይሉን አልጠየቋትም።

«ልጄ፣ የፋይል መስጫ መዝገባችሁን አሳይኝ» አሏት። «ማን ወስዶ እንደፈረመ የሚጻፍበትን። እኔም ታይፒስት ሳለሁ ነበረኝ።»

ሥራዬ መጀመሪያ አመነታች። ከዚያ እጃቸውን አየች ይላሉ፤ የቀለም ምልክት የሌለበት፣ ግን ጣቶቹ የታይፒስት የሆኑ እጅ። መዝገቡን አውርዳ ከፈተችላቸው። በሦስተኛው ገጽ የፋይላቸው ቁጥር ነበር፤ ከአሥራ አራት ወር በፊት ወጥቷል፤ አልተመለሰም። የወሰደው ሰው ፊርማ ሀይለየሱስ ይላል።

ፋይሉ በዚያ ሁሉ ጊዜ እትዬ የውብዳር ፊት ለፊት ከተቀመጡበት መስኮት ኋላ፣ ሰውየው ወንበር አጠገብ ባለ ካቢኔ ውስጥ ነበር። ሥራዬ መዝገቡን ተሸክማ ራሷ ወደ ቅሬታ ሰሚው ገባች፤ ማንም አላዘዛትም። ካቢኔው በኃላፊው ፊት ተከፈተ። የካርታው ቀሪ፣ የማኅበሩ የምደባ ደብዳቤ፣ የባልና ሚስቱ ፊርማ፣ ሁሉም አለ። የምደባ ደብዳቤውን የመታችው በዘመኑ የማኅበሩ ጸሐፊ የነበረችው የውብዳር ጳውሎስ መሆኗን ከግርጌው ያለው የታይፒስት ምልክት ያሳያል። የእርሳስ ማኅተም ያለበት የሲያትል ወረቀትም እዚያው ተቀምጧል። «ተፍቋል» የተባለው ደብዳቤ ግን ፋይሉ ውስጥ የለም። እንዲህ ያለ ደብዳቤ ከዚያ መሥሪያ ቤት ወጥቶ አያውቅም። ያን መልስ የጻፈው ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ በማስረጃ አናውቅም፤ የደወለልን ግን ኢሳይያስ ነበር።

ማስታወቂያው ተሠረዘ። ሀይለየሱስ ወደ ሌላ መስኮት ተዛወረ፤ ሌላ ምንም አልሆነም። እትዬ የውብዳር የኢሳይያስን ውክልና ሽረው ለቀድሞ ባልደረባቸው ለወይዘሮ ሮማነወርቅ ሰጡና ተመለሱ። ለኢሳይያስ ሦስት ወር ጊዜ ሰጡት። ሲወጣ በሮቹንና መስኮቶቹን ነቅሎ ሄደ።

ሲያትል ሲደርሱ የመስታወት ሣጥናቸው ተነሥቶ በቦታው ማሽን ቆሟል። ከብዙ ፍለጋ በኋላ ታኮማ ውስጥ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ወጥ ቤት ተቀጠሩ።

በቤተ ክርስቲያን ግቢ የሰማሁት ሌላው ጉድ ነው። «ቤት ንብረት ያለው ሰው ቤተሰቡን ሜዳ ላይ ይጥላል?» ይሉ ነበር። «እሳቸው አሜሪካ አላቸው፤ ለሁለት ክፍል ብለው!» አንዱ ፊቴ ላይ አለኝ። «ሶ፣ የአንተን መኪና ነገ ብወስድብህ አውቶቡስ አለህ ልበልህ?» አልኩት። ከዚያ ወዲህ ሰላም አንባባልም። አሜሪካ አላቸው! በመስታወት ሣጥን ውስጥ አሥር ዓመት መቀመጥ አገር ማግኘት መሆኑ ነው። ለአንዱ የውጭ ዜጋ፣ ለሌላው ባለ ጸጋ፤ ለማንም ግን ባለመብት አይደሉም።

ምትክ ካርታው በ2014 መጀመሪያ ላይ ከመንገደኛ ጋር መጣ። እስከዳር ፖስታውን ቀደደች፤ እናትየው መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ። ልጅቱ «ማሚ፣ አለቀ! ኢትስ ዶን!» አለች።

እትዬ የውብዳር ካርታውን ወደ እኔ ገፉት። ጣታቸው የባለይዞታ ስም ላይ ነበር። «ወይዘሮ የውብዳር ጴጥሮስ» ይላል። ጳውሎስን ጴጥሮስ አድርገውታል።

«አንድ ቃል ነው፣ እትዬ» አልኩ። እንዲያርፉ ፈልጌ ነው። «ስልክ ደውለን…»

«የውብዳር ጴጥሮስ የምትባል ሌላ ሴት ነገ ብትመጣ ቦታው የሷ ነው» አሉ። «ቁጭ በል፤ ጻፍ።»

ዘጠነኛውን እሳቸው ተናገሩ፣ እኔ ጻፍኩ። ስለ ዜግነታቸው አንድም ቃል የለበትም። የአባቴ ስም ጳውሎስ ነው፤ ፋይሌ ቁጥሩ ይህ ነው፤ ስህተቱ የእናንተ ነው፤ አርሙት። እኔ ከልማድ መጨረሻው ላይ «እንዲታረምልኝ በታላቅ ትሕትና እጠይቃለሁ» ብዬ ጨመርኩ። ወረቀቱን ተቀብለው አነበቡና መለሱልኝ።

«ትሕትናውን አውጣው» አሉ። «ሦስት ዓመት ሙሉ ትሑት ነበርኩ።»

አወጣሁት። እርማቱ ከሰባት ወር በኋላ መጣ። አሁን ግቢው ውስጥ ወይዘሮ ሮማነወርቅ የሚያውቋቸው ባልና ሚስት በኪራይ ይኖራሉ፤ በሮቹ አዲስ ናቸው። እትዬ የውብዳር ኢሳይያስን ይቅር ብያለሁ ሲሉ አልሰማሁም፤ እኔም ይቅር በሉት ብያቸው አላውቅም።